ምርኩዝ የሚቆለፍበት ቤት

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ግምጃ ቤት ይባል እንጂ ከብርድ ልብስና ከጥቂት ሳሙና በቀር ውስጡን የሞላው ምርኩዝ ነው። የወይራ አለ፣ የቀርከሃ አለ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ አለ፣ ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራም አለ። እያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ካርቶን በሽቦ ታስሯል፤ ካርቶኑ ላይ የአልጋ ቁጥር ተጽፏል። ባለቤቶቹ ግቢ ውስጥ ግድግዳ እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ ምርኩዛቸው እኔ ዘንድ ተቆልፎበታል።

ነገሩ የመጣው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጣሳ ሻይ ተጣሉና አንደኛው የሌላውን ግንባር ፈነከተ። በማግስቱ ኃላፊው የሁሉንም ምርኩዝ አሰበሰበ። የተደባደቡት ሁለት፣ የተቀጣው እግር የከዳው ሁሉ። ከበላይ ጎብኚ ሲመጣ ምርኩዙ ይታደላል፤ ጎብኚው መኪናው ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ይሰበሰባል። የማድለውም የምሰበስበውም እኔ ነኝ። ደግ ነበርኩ ብል ውሸት ነው፤ ክፉ ነበርኩ ብልም ራሴን ማግዘፍ ይሆንብኛል። ደንብ አክባሪ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴን ፊት እያየሁ ቤት ተቀመጥኩ። ከድርቁ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ጧሪ ላጡ አረጋውያን መጠለያ ሲከፈት የቀበሌያችን ሰዎች ስሜን አስተላለፉልኝና ሻንጣዬን ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። መጠለያው የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ቀን ቆርቆሮው ይፋጃል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህም አትሰማውም። በአንድ በኩል የወንዶች፣ በሌላው የሴቶች የአልጋ ረድፍ አለ፤ መሐላቸው በኮምፖርሳቶ ተከፍሏል።

አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ጸጉሩ ይላጫል፤ ወንድ ሴት አይባልም፣ ለቅማል ነው። ቀጥሎ ልብሱ ይቃጠላል፣ ካኪ ይለብሳል፣ የአልጋ ቁጥሩ ይነገረዋል። ከዚያ ወዲያ ስም ብሎ ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው መሐል እየቆሙ በውሃ ጎማ ይታጠባሉ። ሴቶቹ ሲታጠቡ እኔና ሌላዋ ሠራተኛ አንሶላ ዘርግተን እንጋርዳለን፤ ነፋስ ከሌለ ይጋርዳል። ጎማውን የሚይዘው ግን ዘበኛው ነው። ወንድ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ ትዝ የሚላቸው ታጣቢዎቹ ብቻ ነበሩ፣ እነሱን ደግሞ ማን ይጠይቃቸዋል?

አሮጊቷ የመጡት በበጋ ነው። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ከርመዋል። ትንሽ ሻል ብሏቸው ወደ ኮምቦልቻ ቢመለሱ ቤታቸውን ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ደብዳቤው ከቆመ ቆይቷል። ሰፈራቸው ከመጠለያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ከእኛ ግቢ ቆመው የገዛ በራቸውን ባሕር ዛፍ ያዩታል። በጣት የሚጠቆም ቤት እያላቸው የመጠለያ ሰው ሆኑ።

ሊላጩ ሲሉ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ።

"ልጄ፣ ይህን ጸጉር ከባሌ በቀር ያየው ወንድ የለም" አሉኝ።

"ደንብ ነው፣ እማማ" አልኳቸው።

አላለቀሱም። ተላጭተው ሲያልቅ "ያ ጀሊሉ!" አሉና የካኪያቸውን ጫፍ ቀድደው ራሳቸውን አሰሩበት። ኃላፊው የመንግሥት ንብረት ቀደዱ ብሎ ሲጮህ ዝም ብለው አዩት፤ እሱም ደክሞት ተወው። አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ተባሉ። ምርኩዛቸውን ተቀብዬ ቆለፍኩ። እጀታው በመያዝ ብዛት የለሰለሰ የወይራ ምርኩዝ ነበር።

ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጠዋት ከጉብታው ጥሩንባ ተነፋ። ወሎ ተወልዶ ይህን የማያውቅ የለም፤ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ የሰፈሩ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል ይወጣል። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ ሴቷ ውሃና እንጨት ተሸክማ ለቅሶ ቤት ትገባለች። ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል። በዚያ ሰፈር ደንብ ሦስት ቀብር ያለ ምክንያት የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለተሰረዘ ሰው ደግሞ በሞቱ ቀን ጥሩንባ አይነፋለትም። የታመመ ግን "ታምሜያለሁ" ብሎ በሰው ካስነገረ ይታለፋል። አባቴም የቅሬ ሰው ነበር፤ ጥሩንባ ሲሰማ የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሣ ነበር።

አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው ግምጃ ቤቱ ድረስ መጡ።

"ምርኩዜን ስጪኝ፣ ሆዴ። ሰው ሞቷል።"

"መውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፣ እማማ።"

"ለቀብር ደግሞ የማን ፈቃድ ነው? የሙት ሐቅ እኮ ነው!"

ሐቅ ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔም ጮክ ብዬ ወደ አልጋቸው እንዲመለሱ ነገርኳቸው። አልተመለሱም። በሩ ሥር ቁጭ አሉና በአንድ ትንፋሽ የሆዳቸውን ነገሩኝ። የሰፈሩ የሴት ሬሳ አጣቢ እሳቸው ነበሩ። በኮረዳነቷ የተቀጨችውን፣ በወሊድ የሞተችውን፣ እድሜ የጠገበችውን፣ ሁሉንም ያጠቡት በእኒህ እጆቻቸው ነው። የእነዚያ ሴቶች ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሴቶች ሆነዋል።

"እኔን የሚያጥቡኝ እነሱ ናቸው። እናታቸውን አጥቤያለሁ፣ ያውቁኛል፣ ገላዬን አያጋልጡም። ከቅሬ ከወጣሁ ግን እዚህ ያ ጎማ የያዘው ሰውዬ ነው የሚያጥበኝ። ወላሂ ልጄ፣ ሞቱን አልፈራውም። የምፈራው እሱን ነው።"

"እሺ፣ ታመዋል ብዬ እልካለሁ" አልኳቸው። መላክ ማለት ጉብታውን መውጣት ነው፤ የአሥር ደቂቃ መንገድ። አልሄድኩም። የዚያን ቀን ስብሰባ ነበረን፤ በማግስቱ ልብስ ማጠብ ነበረብኝ፤ ከዚያ በኋላ ረሳሁት። የረሳሁበትን ምክንያት ስፈልግ ኖሬ ያገኘሁት ይኸው ነው፣ የረባ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ጥሩንባ ሲነፋ እኔን ሳይጠይቁ ወጡ። ከአልጋ ወደ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወደ ግድግዳ፣ መጨረሻ ላይ በእጃቸው እየዳሁ ዋናው በር ደረሱ። ዘበኛው ብብታቸውን ይዞ መለሳቸው። ኃላፊው አልጋቸው ከበሩ ርቆ ጥግ እንዲሆን አዘዘ። ሦስተኛው ሲነፋ ደግሞ ከአልጋቸውም አልወረዱም፤ ዳሌያቸው ዳግመኛ አብጦ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "ሦስት" ሲሉ ሰማኋቸው።

በሳምንቱ የቅሬው ዳኛ መጡ። ረጅም፣ ቆፍጣና፣ ጋቢያቸውን አጥብቀው የለበሱ አዛውንት ናቸው። እንደ ወሎ ሰው ወግ መጀመሪያ "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ፣ ቀጥሎ "እንደምን ዋላችሁ" ብለው ክርስቲያን ብንሆን እንዳይከፋን አደረጉት። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

"እህታችን እዚህ ናት ሲሉ ሰማሁ" አሉኝ ዳኛው። "ሦስት ቀብር ቀርታለች። እሷ የምትቀር ሰው አይደለችም። ታማ ነው ወይስ ትታን ነው? አንድ ቃል ይበቃኛል። ታማለች ካልሽኝ ስሟ አይነካም።"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ግን ኃላፊው ከኋላዬ አለ፤ በየስብሰባው "እዚህ የገባ ሰው የማንም ጥገኛ አይደለም፣ ሁሉን ነገር መንግሥት አሟልቶለታል" የሚለውን ንግግሩን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ። እንደ እሱ መናገር አማረኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

"እሳቸው አሁን የመንግሥት ናቸው" አልኩ። "ሲሞቱም መንግሥት ይቀብራቸዋል።"

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። "ይህ የራሷ ቃል ነው?" ብለው ጠየቁ።

ኃላፊው ቀደመኝ። "እዚህ ያለ ሰው ቃሉ የመጠለያው ቃል ነው፣ አባት።"

የደርግ ጊዜ ነው፤ የሚታወቅ ነው። አንድ ባለሥልጣን "መንግሥት" ካለ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ አያድርም። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና "መንግሥት ካለ እኛ ምን አቅም አለን" ብለው ሄዱ። ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስ አለኝ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

አሮጊቷ ከጥግ ሆነው፣ ቃሉን ሳይለዩ፣ የዳኛውን ድምፅ ሰምተው ኖሯል።

"እሱ ነው አይደል የመጣው? የቅሬው ዳኛ?"

"አዎ፣ መጥተው ነበር።"

"ታማለች አልሽልኝ?"

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። የተላጨው ራሳቸው ላይ ነጭ ጸጉር እንደ ገለባ ብቅ ብቅ ብሏል።

"አዎ" አልኳቸው።

ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "አልሐምዱሊላህ! አላህ ክፉ አያሳይሽ። ቀባሪ አያሳጣሽ፣ ልጄ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ሲተዉት የነበረውን ሾርባ መጠጣት ጀመሩ። ጥሩንባ ሲነፋ ምርኩዝ አይጠይቁም፤ ጋደም ብለው ያዳምጡና "ከላይኛው መንደር ነው፤ ያ ሳል የያዘው ሰውዬ ይሆናል፣ አላህ ይማረው" ይላሉ። አጠገባቸው የሚተኙትን ሴቶች "አብሽሩ፣ የኔ ቅሬ ሲመጣ እናንተንም አደራ እላቸዋለሁ" እያሉ ያጽናኑ ነበር። እኔን ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል። ምርቃቱ ሲበዛብኝ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ፤ ሻዩን ሌላዋ ሠራተኛ እንድታድል አደረግኩ። አንድ ቀን ጉብታውን እወጣለሁ፣ አጥፍቻለሁ እላለሁ እያልኩ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ቆየሁ። ኃላፊውን ፈርቼ ነው እንዳልል እሱ እንኳ ነገሩን ረስቶት ነበር።

በነሐሴ ዝናብ ከመተኛት ብዛት ወገባቸው ተላላጠ። አገላብጦ የሚያስተኛ ሰው ቢኖር አይላላጥም ነበር፤ እኛ ሁለት ነን፣ አልጋው ብዙ ነው። አንድ ከሰዓት ጠሩኝና እንደ ምንም ሄድኩ።

"ለአጣቢ የሟችን ልብስ መስጠት ወግ ነው" አሉኝ። "የኔን ልብስ አቃጥላችሁታል። ያለችኝ ምርኩዜ ናት። ስሞት ለሴቶቹ ስጫቸው።"

"እሺ፣ እማማ።"

"አትርሺ እንግዲህ።"

የአብዮት በዓል ሊከበር ሲል ከደሴ እንግዶች መጥተው መጠለያውን እንደሚጎበኙ ተነገረን። ሦስት ቀን ግድግዳ ስንቀባ ከረምን። እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ማለዳ ሻይ ይዤ ስገባ አሮጊቷ ሞተዋል። ቀኝ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ነበር። በዚያው ጠዋት ከወንዶቹ ረድፍ አንድ ሽማግሌም ሞተው ተገኙ።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። "እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሬሳ እንዳያዩ። ቶሎ ይነሡ።"

"ቅሬ አላቸው" አልኩት።

"የማን ቅሬ? አንቺው አይደለሽም እንዴ የመለስሻቸው?"

ቁልፉን እንደያዝኩ በሩን ወጣሁና ጉብታውን ሮጥኩ። አሥር ደቂቃ የሚያስኬደው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። የቅሬውን ዳኛ ከቤታቸው ደጅ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታመው እንደነበር፣ ልከውኝ እንደነበር፣ እንዳልሄድኩ፣ ያልኩት የራሴ ቃል እንደነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደቡኝም። ወደ ውስጥ "ጥሩንባውን አምጡ!" ብለው ተጣሩ። አንዱ ጎልማሳ "ተሰርዛለች እኮ" አለ። "የተሰረዘችው በውሸት ነው" አሉት፤ እሱም ነፋ።

እንዴት እንደወጡ ዛሬም ይታየኛል። ቃሬዛ የያዘው ቃሬዛ፣ አካፋ የያዘው አካፋ፣ አንዲት ሴት ንጹሕ ነጭ ከፈን በብብቷ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሙቅ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በጀርባቸው። ክርስቲያኖቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እኔ ከፊት ነኝ። የመጠለያው በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው በእጁ ወደ ቦርከና ወንዝ አመለከተ፤ የመጠለያው ጋሪ ሬሳዎቹን ጭኖ ሄዷል። ሴቶቹ ሬሳው ሲመለስ ሊያጥቡ በሩ ላይ ሲቀሩ ወንዶቹና እኔ ተከተልነው።

ከወንዙ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ ደርሰን ያገኘነው ሁለት ትኩስ የአፈር ክምር ነው። ጋሪ ነጂው አካፋውን እየጠረገ ነበር።

"የትኛዋ ናት?" አሉት ዳኛው።

"እንጃ፣ አባቴ። ሁለቱም በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ቶሎ በሉ ተብለን ነው።"

"ማን አጠባት?"

ነጂው ወደ ፈረሱ ዞረ። "ዘበኛው... በጎማው አፈሰሰባቸው፣ ሁለቱንም።"

ወንዶቹ ተሰለፉና ሁለቱንም መቃብር ፊታቸው አድርገው ሰገዱ፤ ክርስቲያኖቹ ከኋላቸው ቆሙ። ያ ሽማግሌ የማን ወገን እንደነበሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለእኛ የአልጋ ቁጥር ነበሩ። ሲጨርሱ ባዶውን ቃሬዛ አነሡ። ዳኛው ከእኔ ፊት ቆሙ።

"ያን ዕለት ያልሽኝ ልክ ነው፣ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "መንግሥት ቀብሯታል።"

ወንዶቹን ትቼ ብቻዬን ወደ መጠለያው ተመለስኩ። ሴቶቹ አጥሩን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀብሩ ማለቁን ገና አላወቁም። ከፈኑን የያዘችው ተነሣችና "የት ነው የምናጥባት? ውሃው ሳይበርድ" አለችኝ።

ሄጄ ግምጃ ቤቱን ከፈትኩ። ለእንግዶቹ ሲባል ምርኩዙን ሁሉ በዋዜማው አድዬው ከአልጋ የማይነሡት የአሮጊቷ ብቻ ቀርቷል። ካርቶኑን በጥሼ ለሴትየዋ ሰጠኋት። አየችው፤ አወቀችው፤ እጀታውን ሳመችው። ያኔ ገባት፤ ሌሎቹም ገባቸውና ጀሪካናቸውን እያወረዱ ማልቀስ ጀመሩ። ትንሽ ቆይታ "ያረፈችበትን እንኳ አሳዪኝ" አለችኝ። እንግዶቹ ገና አልደረሱም፤ ያለ ፈቃድ አስገባኋት።

አልጋ አሥራ አራት ላይ ለእንግዶቹ የተገዛ አዲስ ነጭ አንሶላ ተዘርግቷል። ከእሽጉ ከወጣ ሁለት ሰዓት አይሆነውም። ሴትየዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አንሶላውን በእጇ ዳሰሰችው።

"እንዲህ ንጹሕ ላይ ነበር የምትተኛው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።